«ለቅሶው የት ሄደ?»፦ የአንድ ፊልም ተመልካቾችን አስተያየት ስንሰበስብ የገጠመን

በ2017 ዓ.ም. አንድ የወጣቶች የፊልም ቡድን መጣብኝ። ያላለቀ ፊልም አላቸው። ለሰው አሳይተው አስተያየት መሰብሰብ ይፈልጋሉ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከቲያትር ቤት ጓዳ ያልወጣሁ ሰው ነኝና «እሺ» አልኩ። ሁለት ሳምንት ይበቃል ያልነው ሥራ አራት ወር ፈጀ። ከተሠራው ስህተት ግማሹ የኔ ነው። ፊልሙ ገና ለሕዝብ ስላልቀረበ ርዕሱን አልጠቅስም፤ የማንንም ስም አልጠራም። የሆነውን ግን እንደሆነው እጽፋለሁ።

## ፊልሙ

ቀልድ የተቀላቀለበት የቤተሰብ ድራማ ነው። ባለታሪኩ የ32 ዓመት ላጤ ነው። የሰርግ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ አንድ ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ተከራይቶ ይኖራል። ታላቅ እህቱና ባሏ በመኪና አደጋ ይሞታሉ። ሦስት ልጆች ይቀራሉ፤ የ13 ዓመት ሴት፣ የ8 ዓመት ወንድ፣ የ3 ዓመት ሴት። አንድ ቀን ጠዋት ጠበቃ ይደውልለታል። ማታ ልጆቹ ሻንጣቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ትገምቱታላችሁ። ሽሮው ያርርበታል። የወላጆች ስብሰባ በተሳሳተ ቀን ይሄዳል። የትንሿን ፀጉር ከዩቲዩብ እያየ ሹሩባ ልሥራ ይላል፤ ሚዶው ፀጉሯ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀርና እንደዚያው መዋዕለ ሕፃናት ይወስዳታል። (ይቺ ትዕይንት ከአንድ ማሳያ በቀር ባሳየን ቁጥር ሰው አስቃለች።) የሟቾቹ ኮንዶሚኒየም ላይ ዓይኗን የጣለች አክስትም አለች።

ሳይታሰብ የሰው ልጅ እጁ ላይ የወደቀበት ላጤ በውጭ ፊልሞች የታወቀ ታሪክ ነው። ዳይሬክተሩም እነሱን እያየ እንዳደገ አይደብቅም። «ሰው የሚወደው ነገር ነው፣ ጋሼ» አለኝ። እውነቱን ነው። ችግሩ የመጣው ከሌላ በኩል ነው።

## የመጀመሪያው ማሳያ

ፒያሳ አካባቢ ትንሽ አዳራሽ ተከራየን። ወደ አርባ ሰው መጣ። የቡድኑ ዘመዶች፣ የሰፈር ሰው፣ ጥቂት ተማሪዎች፣ ሁለት ጡረተኞች። መክፈቻው ላይ እኔ ተነሥቼ፣ አዲስ አበባ ውስጥ የመጀመሪያው ሲኒማ ቤት ከዚህ ብዙም እንዳልራቀና ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ይለው እንደነበር ተናገርኩ። ሳቁልኝ። ከዚያ በኋላ ለሃያ ደቂቃ ያህል ሳቅ አልተሰማም።

መጨረሻ ላይ ወረቀት አደልን። አሥር ጥያቄ፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ፣ ከሥሩ ለአስተያየት ባዶ መስመር። ነጥቡ ሁሉ 4 እና 5 ሆነ። ባዶው መስመር ላይ «በርቱ»፣ «በጣም ደስ ይላል»፣ «የሀገራችን ፊልም አድጓል» ተጽፏል። ብዙዎቹ ደግሞ «ድምፁ ትንሽ ይስተካከል» ብለዋል። ድምፁ ምንም አልሆነም ነበር።

ቡድኑ ተደሰተ። እኔ ግን ከኋላ ተቀምጬ ሰውን ሳይ ስለነበር ሁለት ነገር ከነከነኝ።

የመጀመሪያው ሳቁ ነው። ጠበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እንባ እየተናነቀው «ከዛሬ ጀምሮ የሦስት ልጆች ሞግዚት ነህ» ይላል። የፊልሙ ከባዱ ቦታ ይኼ ነው። አዳራሹ ሳቀ። ከመሃል አንዷ ልጅ «ደሞዙስ?» አለች፤ ሳቁ እጥፍ ሆነ። ለምን እንደሆነ ያኔውኑ ነው የገባኝ። ከተማ ውስጥ ሞግዚት ማለት በወር ደሞዝ የምትቀጠር ልጅ ጠባቂ ናት።

ሁለተኛው ሹክሹክታው ነው። ባለታሪኩ ልጆቹን ይዞ ዶሮ ማነቂያ አካባቢ የሚሄድበት ረጅም ትዕይንት አለ። የተቀረጸው በ2016 ፒያሳ ከመፍረሱ በፊት ነው። ትዕይንቱ ሲመጣ ሰው ጎረቤቱን ይጎሻሽማል። «ያቺ ቤት ትዝ ትልሃለች?» «እሷ እኮ የለችም።» «ከጎኗ ያለው ዳቦ ቤትስ?» ትልቋ ልጅ ስለ እናቷ የምትናገረውን የሰማ አልነበረም። ሰው የራሱን ሐዘን ይዞ ነበር።

ከዚህ አንዱም ወረቀቱ ላይ የለም።

## ወረቀቱን የገደለው

ይሉኝታ ነው። ነፃ ገብተሃል። ለስላሳና ብስኩት ቀርቦልሃል። ፊልሙን የሠሩት ልጆች በር ላይ ቆመው ዓይን ዓይንህን ያያሉ። ሰው ቤት በልቶ «ወጡ ጨው በዝቶበታል» የሚል ማን አለ? ድምፁ ላይ ያመካኙትም ለዚህ ይመስለኛል። የሆነ ነገር መናገር አለብህ፤ ማንንም ማስቀየም ግን አትፈልግም። ድምፅ ደግሞ የማንም ልጅ አይደለም።

የጋራ ውይይትም ሞክረን ነበር። እሱ ባሰ። አንድ አባት ቀድመው ተነሡና «ፊልሙ ስለ ቤተሰብ ፍቅር ያስተምራል» አሉ። ከዚያ የተነሣው ሁሉ «አባቴ እንዳሉት» ብሎ ጀመረ፤ እንዳሉትም ጨረሰ። ሊንኩን በቴሌግራም ለዘመድ ወዳጅ መላክም ብልህነት መስሎን ነበር። ያገኘነው የልብ ምልክት ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ግማሹን በስልኩ ቀርጾ ለሌላ ሰው ላከው። ሊንኩን በዚያው ቀን አነሣነው።

## ሁለተኛው ማሳያ፦ «እስኪ አውሩልኝ»

ለሁለተኛው ማሳያ ዳይሬክተሩን ቤቱ እንዲቀር ለመንኩት። ብስኩቱም ቀረ። እኔ ከኋላ ሰዓትና ደብተር ይዤ ተቀመጥኩ፤ ሰው በየትኛው ደቂቃ እንደሳቀ፣ መቼ ስልኩን እንዳወጣ እጽፋለሁ። ካለቀ በኋላ ሰውን ሁለት ሁለት አድርጌ አጠገባችን ወዳለች ማኪያቶ ቤት ወሰድኩ። «ወደዳችሁት?» ብዬ አልጠየቅኩም። ጥያቄዬ አንድ ነበር፦ «ማታ ቤት ስትገቡ እናታችሁ ምን አይታችሁ መጣችሁ ብትላችሁ፣ እንዴት ታወሩላታላችሁ?»

በዚህ ጥያቄ ነው ነገሩ የተከፈተው። ሰው ያልወደደውን ሲያወራ ይዘለዋል። ያላመነበትን ያስተካክለዋል። የአክስቲቱን ነገር ከአርባ በላይ የሆኑት ሴቶች በሙሉ ቀይረው አወሩት። በፊልሙ ስግብግብ ናት፤ በነሱ አፍ ግን «ልጆቹ እንዳይበደሉ የምትጨነቅ፣ አፏ ብቻ የሚከፋ» ሆነች። ወጣቶቹ ስግብግብ እንደሆነች ተዋት።

ከሁሉ የገረመኝን ልንገራችሁ። አንዲት የባንክ ሠራተኛ ስታወራ «ከለቅሶው በኋላ ልጆቹን ይወስዳቸዋል» አለች። ደብተሬን አየሁ። ፊልሙ ውስጥ ለቅሶ የለም። ከአደጋው በቀጥታ ወደ ጠበቃው ስልክ ነው የሚያልፈው። ዝም ብዬ ጻፍኩት። የሚቀጥለው ልጅም «ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ» አለ። ድንኳን የለም። ያላዩትን ነው የሚያወሩት፤ ማየት የነበረባቸውን።

በመጨረሻ አንድ በዕድሜ የገፉ እናት በግልጽ አሉት፦ «ልጄ፣ ሰው ሞቶ ለቅሶው የት ሄደ? ጎረቤት የላቸውም? እድር የላቸውም?»

አንድ ነገር ልብ በሉ። ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ከጀመረ ወዲህ ሰው የተተረጎመ የውጭ ድራማ ማየት ለምዷል። እዚያ ላይ ሰው ሞቶ በማግስቱ ሁሉም ሥራ ቢገባ ማንም አይጠይቅም፤ «የነሱ አገር እንዲህ ነው» ይባላል። ባለታሪኩ አማርኛ እየተናገረ አድጎ ሽሮ ሲያሳርር ግን ሒሳቡ ሌላ ነው። የኛ ሰው ሆነ። የኛ ሰው ደግሞ ሐዘን ላይ ብቻውን አይተውም።

በአጎቱ ያደገ አንድ ወጣት ደግሞ «ሳይታሰብ» የሚለውን ነገር ከሥሩ ነቀለው። «አጎቴን ማንም አልደወለለትም» አለኝ። «ሳልስት ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ስለ ልጆቹ አንሥተው ዝም አሉ። ቀስ በቀስ ሰው ሁሉ ወደ አጎቴ ማየት ጀመረ። አጎቴ መሬት መሬቱን ያያል። አለቀ። በዚያው ቀረን።»

ጠበቃው ያን ቀን ከፊልሙ ወጣ።

## ስለ ሕጉ

ሁለቱ ጡረተኞች ከመጀመሪያው ማሳያ በኋላም አልተለዩንም። አንደኛው ፍርድ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ወረቀቱ ላይ «ጥሩ ነው» ብለው ነበር። ማኪያቶ ሲይዙ ግን ጣታቸውን እየቆጠሩ ስህተታችንን ዘረዘሩት።

በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቃሉ ሁለት ነው። አሳዳሪ የልጁን ደህንነት ይጠብቃል፤ ሞግዚት ንብረቱን ያስተዳድራል። ብዙ ጊዜ ሁለቱንም አንድ ሰው ይይዘዋል። እናትና አባት ሞተው በኑዛዜ የተሰየመ ሰው ከሌለ ደግሞ አያቶች ይቀድማሉ፤ ከዚያ ለአካለ መጠን የደረሱ ወንድምና እህት፤ አጎትና አክስት ከዚያ በኋላ ናቸው። ፊልሙ ውስጥ ግን ገጠር ያለች አያት አለች፤ በስልክ ትመርቃለች። «አያት እያለች እንዴት ዘላችኋት?» አሉ ጡረተኛው።

ልጆቹን ለማደጎ ሊወስዱ የሚመጡ የውጭ ባልና ሚስት ያሉበት ቅርንጫፍ ታሪክም ነበረን። የውጭ ጉዲፈቻ ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል፤ ታሪኩ ደግሞ ዛሬ የሚሆን ነው። ቆርጠን ጣልነው። ብዙም አላዘንኩም።

ቃሉ ግን አስቸገረን። «ሞግዚት» ስንል ልጅ ጠባቂ ይሆናል። «አሳዳሪ» ብንለው ደግሞ ብዙ ሰው የቤት ሠራተኛ «አሳዳሪዎቼ» የምትላቸውን ነው የሚያስበው። አንድ ማታ ሙሉ ተከራክረን መፍትሔውን ያመጣችው ሜካፕ የምትሠራው ልጅ ናት። «ሽማግሌው ‹ልጆቹ አንተ ጋ ይሁኑ› ቢሉትስ?» አለች። ሰው እንዲህ ነው የሚለው። አያትየዋንም ለቅሶው ላይ አመጣናትና «እኔንስ ማን ያሳድረኛል?» አለች። በመጨረሻው ማሳያ ትልቁን ሳቅ ያገኘችው እሷ ናት።

## ቡና የምታፈላዋ ሴት

ከአዳራሹ ማዶ ጀበና ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። ሁለተኛው ማሳያ ላይ «ነይ እይልን» ብለን አስገባናት። ስትወጣ «ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችና ወደ ከሰሏ ሄደች።

በማግስቱ ቡና ልጠጣ ሄድኩ። ስለ ፊልሙ አላነሣሁም። እሷው አነሣችው። ሲኒ እያለቀለቀች፣ ቀና ሳትል።

«ልጆቹ ቶሎ ለመዱት» አለች።

የሟች እህቷን ሁለት ልጆች እንዳሳደገች ያኔ ነው ያወቅኩት። «የኔዎቹ እንደ እንግዳ ነበር የሚበሉት» አለችኝ። «ሁለት ጉርሻ በልተው ጠገብን ይላሉ። እናታቸው ቤት እያሉ እኮ ትሪ ነበር የሚልሱት። እኔ ቤት ሲመጡ ጠገብን።» እሷም ለእንግዳ እንደሚባለው «በሞቴ ብሉ» ትላቸዋለች። አንድ ማታ ትንሹ ይህን ሲሰማ አፉ ውስጥ ያለውን ሳይውጥ ሌላ ጉርሻ ከተተ። ደግሞ ሌላ። ጉንጩ እስኪወጠር።

«እንባው እንጀራው ላይ ይወርዳል፤ እጁ ግን አያቆምም። ምን ሆንክ ስለው አይመልስም። ቆይቶ ነው የገባኝ። እናቱን ቀብሮ የመጣ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ በሞቴ እለዋለሁ።»

ሁለተኛ ሲኒ ቀዳችልኝ።

«ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ለማንም ብዬ አላውቅም። ለእንግዳም።»

ለዳይሬክተሩ ከመንገሬ በፊት አስፈቀድኳት። «የኔ መሆኑን አትንገሩ እንጂ ምን ቸገረኝ» አለች። ለዚህ ጽሑፍም ደግሜ ጠይቄያታለሁ። የአዳራሹን ስም የተውኩት ለዚህ ነው።

## ስናስተካክል ያበላሸነው

ሰው «ለቅሶው የት ሄደ?» አለን። እኛም ለቅሶ ሰጠነው። አሥራ አንድ ደቂቃ ለቅሶ! ሬሳ አጀባው፣ ሙሾው፣ ድንኳኑ፣ ደረት መምታቱ፣ ሁሉም አለ። ሦስተኛው ማሳያ ላይ ሰው ተንሰቀሰቀ። ከዚያ በኋላ ግን የሚያስቀው የለም። ሚዶዋ እንኳ ያገኘችው ትንሽ ፈገግታ ነው። አንዱ በኋላ ሲያወራልኝ «አሳዛኝ ፊልም ነው» ብሎ ጀመረ።

ያኔ ተጣላን። ዳይሬክተሩ «እናንተ ናችሁ ለቅሶ ያላችሁኝ» አለ። እውነትም ብለናል። ተመልካቹ የጎደለውን ነገር በትክክል ጠቁሞን ነበር። መጠኑንና አቀራረቡን ግን ለእሱ መተው አልነበረብንም። ያ የኛ ሥራ ነው።

መጨረሻ ላይ ለቅሶው ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ቀረ። ቀብሩ ተቆረጠ። የምናየው ሳልስቱን ብቻ ነው። የእድሩ ወንበሮች ተደራርበዋል፤ ድንኳኑ ጥግ ለአዳር የመጡት ጎልማሶች ካርታ ይጫወታሉ። ባለታሪኩ እያሸነፈ ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ይላል። በዚህ መሃል ድንኳኑ ዝም ይላል። ካርታውን እንደያዘ ቀና ሲል ሰው ሁሉ እያየው ነው። ሳቁም ሐዘኑም በአንድ ቦታ ገባ።

የፒያሳውን ትዕይንትም ልንቆርጠው ነበር፤ ዳይሬክተሩ አሻፈረኝ አለ። ሹክሹክታውን ማቆም እንደማይቻል ሲገባን የልጅቷን ንግግር አውጥተን ጸጥ ብለው እንዲሄዱ አደረግን። አሁን ሰው ሲያወራ የሚጠፋ ነገር የለም። ደህና መውጫ ነበር።

ለልጆች ማሳየቱ ግማሽ በግማሽ ነው የተሳካው። ወላጆቻቸው አጠገብ ሲቀመጡ አይናገሩም፤ የእናታቸውን ፊት ያያሉ። ወላጆቹን ውጭ ቡና ላይ ስናስቀምጥ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ እጁን አወጣና «ውሻውስ?» አለ። የሟቾቹ ግቢ ውስጥ፣ ፊልሙ መጀመሪያ ላይ፣ ለሦስት ሰከንድ የሚታይ ውሻ አለ። ስንትና ስንት ትልቅ ሰው አይቶት አላነሣውም። ዳይሬክተሩም ረስቶታል። አሁን ውሻው ጎረቤት ጋ ነው፤ አንድ መስመር ተጨምሮለታል።

## ለሌላ ሥራ የሚሆን

ፊልም ብቻ አይደለም። ቲያትር፣ የሬዲዮ ድራማ፣ ሌላው ቀርቶ አዲስ ምግብ ቤት ከፍቶ አስተያየት ለሚፈልግም ይሆናል ብዬ የማስበውን ላስቀምጥ። ነጥብ ስጡ አትበሉ፤ አውሩልኝ በሉ። ሲያወሩ የዘለሉትንና የጨመሩትን መዝግቡ። ያኔውኑ ካልተጻፈ በማግስቱ የራሳችሁን ምኞት ነው የምታስታውሱት። ሠሪው እዚያ አይገኝ። ትልቅ ሰው በመጨረሻ ይናገር፤ ክብሩም አይነካ፤ መዝጊያውን ስጡት።

ታሪኩን የኖረ ሰው ፈልጉ፤ ግን አዳራሽ ውስጥ አትጠይቁት። ሥራው ላይ ሄዳችሁ ቡናችሁን ጠጡ። ከተናገረ ይናገራል። የተናገረውን ከመጠቀማችሁ በፊት አስፈቅዱ፤ ይኼ ላይ ቀልድ የለም።

ሕግ ወይም ሙያ የሚነካ ቃል ካለ ደግሞ መዝገብ ላይ ያለውን ትርጉም ብቻ አትመኑ፤ መንገድ ላይ ምን ማለት እንደሆነ አምስት ሰው ጠይቁ። እኛ ይህን ብናደርግ «ደሞዙስ?» ባልተባልን።

## የመጨረሻው ማሳያ

አራተኛው ማሳያ እዚያው አዳራሽ ነበር። ቡና የምታፈላዋ ሴት ሁለቱን ልጆቿን ይዛ መጣች። ልጆች ልበላቸው እንጂ አድገዋል፤ ትንሹ ከእሷ አንድ ክንድ ይበልጣል። ከኋላ፣ እኔ ካለሁበት መስመር ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

የእራቱ ትዕይንት መጣ። ባለታሪኩ «በሞቴ ብላ» ይላል፤ የስምንት ዓመቱ ልጅ ሳይውጥ ይጎርሳል። አዳራሹ ጸጥ አለ። ደብተሬ ላይ ደቂቃውን ጽፌ ወደነሱ ዞር አልኩ። ሴትየዋ ፊት ለፊት ታያለች። ጎረምሳው አንገቱን ደፍቶ ስልኩን እያየ ነው። ስልኩ አልበራም።

ሲወጡ ዳይሬክተሩ በር ላይ ጠበቃት። «እንዴት ነበር፣ እናቴ?»

«ጥሩ ነው፣ በርቱ» አለች። ነጠላዋን አስተካከለች። ትንሽ አሰብ አደረገችና ጨመረች፦

«ድምፁ ብቻ ትንሽ ይስተካከል።»